ጣና በዲላ ሲነበብ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ዲላን አቋርጦ ያልፋል። በዚሁ መንገድ ዳር፣ ባጃጆች ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ጥግ፣ አንድ ወጣት ሸራ አንጥፎ መጻሕፍት ደርድሯል፤ የ12ኛ ክፍል መለማመጃዎች፣ የጸሎት መጻሕፍት፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ ስለ ሀብትና ስኬት የተተረጎሙ ቀጫጭን ጽሑፎች፣ ከእነሱ ራቅ ብለው ደግሞ ልብ ወለዶች። ደመናው ሲከብድ የወጣቱ ዓይን በሰማዩና በሸራው ጫፍ መካከል ይመላለሳል። ዲላ ላይ ዝናብ ሲመጣ ብዙ አያስጠነቅቅም።

ከልብ ወለዶቹ አንዱ ሽፋን የለውም። በሽፋኑ ፈንታ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ተለጥፎበታል፤ ጀርባው በፕላስተር ታስሯል። ገለጥ ሲያደርጉት ልክ እኩሌታው ላይ ተሰንጥቆ እንደገና በሙጫ የተጋጠመ ነው። ሻጩ ምክንያቱን ያውቃል። ለሁለት የከፈሉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ የፊተኛውን ግማሽ የጨረሰው ወደ ኋለኛው ሲሻገር፣ ተራ ጠባቂው ሳይቀመጥ የፊተኛውን እንዲጀምር። በገጾቹ ኅዳግ ላይ ደግሞ አንባቢዎች ተጨቃጭቀዋል። አንዱ በቀይ እስክሪብቶ ይህ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም ብሎ ጽፏል፤ ከሥሩ ሌላ እጅ በሰማያዊ፣ መጀመሪያ አንብበህ ጨርስ ሲል መልሶለታል። ጥቂት ገጾች አልፎ ቀዩ እንደገና ይነሣል፤ ሰማያዊውም አይለቀውም። ወደ መጨረሻው አካባቢ ቀዩ ጠፍቷል። ተቀይሞ ይተወው ወይም ታሪኩ ይዞት መጻፉን ይርሳው፣ ከወረቀቱ ማወቅ አይቻልም።

መጽሐፉ የይስማዕከ ወርቁ ‹‹ዴርቶጋዳ›› ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው ይህ የደራሲው የመጀመሪያ ልብ ወለድ በቅርብ ዘመን የአማርኛ አንባቢን እንዲህ በአንድ ጊዜ ካነቃነቁት ጥቂት መጻሕፍት መካከል ነው። በላይ በላዩ ታትሟል፤ መጽሐፍ ገዝተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ገዝተውታል። ወጣቱ ሐኪም ሚራዥ፣ በባሕር ማዶ ስሙ የገነነው መሐንዲስ ሻጊዝ፣ የኃያላን አገሮች ሰላዮች፣ በዚህ ሁሉ መሐል ደግሞ የጣና ገዳማትና በእነሱ ዙሪያ የተጠቀለለው ምሥጢር፤ ስለላ፣ ሳይንስና መንፈሳዊ ትውፊት በአንድ ድስት ገብተው ወጥተዋል። ብዙም ሳይቆይ ‹‹ራማቶሐራ›› የተባለው ተከታይ መጣ። የአንባቢው ጠብ የጀመረውም በዚያን ጊዜ ነው።

ምናባዊ ልብ ወለድ፣ በተለይም ጨለማ ያጠላበት፣ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። ጭራቅ ሳይፈራ ያደገ ልጅ የትኛው ነው? ጅብ ጋልቦ ሌሊት ስለሚሄድ ቡዳ፣ ስለ ዛር ፈረስ፣ ሰው ስለሚሰውር ደብተራ ሳይሰማ ያደገስ? አንባቢው ጨለማውን በምድጃ ዳር ሲሰማው ኖሯል። በመጽሐፍ መልክ፣ በአስፋልትና በአውሮፕላን ዘመን ልብስ አልብሶ ያቀረበለት ግን እምብዛም አልነበረም። የስለላውን ጣዕም ማሞ ውድነህ ቀደም ብለው በትርጉም ሥራዎቻቸው አስለምደውታል። ‹‹ዴርቶጋዳ›› እነዚህን ሁለት የቆዩ ፍላጎቶች አገናኘ፤ አንባቢውም ሲጠብቅ የኖረውን እንዳገኘ ሰው ተቀበለው።

ዲላ መጽሐፉን የተቀበለችው በዩኒቨርሲቲዋ በር ነው ማለት ይቻላል። ተቋሙ በ1980ዎቹ መጨረሻ የመምህራንና የጤና ሙያ ኮሌጅ ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ፣ ከጎጃምም፣ ከሐረርም፣ ከወለጋም የሚመጣው ተማሪ በሻንጣው ውስጥ መጽሐፍ ይዞ ይመጣል፤ በሚመረቅበት ዓመትም ትቶት ይሄዳል። የከተማዋ አሮጌ መጻሕፍት ገበያ በአብዛኛው የሚመገበው ከዚህ ነው። በከተማዋ ጌዴኡፋ፣ ሲዳምኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ ይነገራል። ስለዚህ በዲላ የአማርኛ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነበው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ነው። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ ኋላ ላይ ያስፈልገናልና።

ከቡሌ አካባቢ የመጣች፣ የተፈጥሮ ሀብት የምታጠና ተማሪ ስለ መጀመሪያው መጽሐፍ ስትናገር ፊቷ ይፈካል። እሷን የያዛት ሰላዩም ተኩሱም አይደለም። ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ፣ ሌሎች የሚፈልጉት፣ የሚያሳድዱት፣ ዕውቀቱን የሚመኙለት ሰው ሆኖ ማንበቧ ነው። በትምህርት ቤት መጻሕፍቷ ውስጥ የፈለሰፉት ሁሉ የሌላ አገር ሰዎች ነበሩ። ይህ አስተያየት ከብዙ አንባቢ አፍ ይሰማል፤ መጽሐፉ ከወጣበት ጊዜ ጋርም ይገጥማል። አገሪቱ የ2000 ዓ.ም. ሚሊኒየሟን ገና አክብራ መጨረሷ ነበር። ተምረው የወጡት ለምን አይመለሱም የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ነበረ። ይስማዕከ ጥያቄውን ወስዶ ጀብዱ አደረገው። ለመጽሐፉ ስኬት ከምሥጢሩ ይልቅ ይህ ትልቁን ድርሻ እንደያዘ አምናለሁ።

ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ግን እንዲህ በቀላሉ አይረቱም። እሳቸው ወጋየሁ ንጋቱ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››ን በሬዲዮ ሲተርክ እያዳመጡ ያደጉ ናቸው። የሐዲስ ዓለማየሁ ሰዎች ይሳሳታሉ፣ ይፈራሉ፣ ይዋሻሉ፤ ፊታውራሪ መሸሻ እንኳ ከነትዕቢታቸው ያሳዝናሉ። የ‹‹ዴርቶጋዳ›› ጀግኖች ግን፣ እንደ መምህሩ አነጋገር፣ ሁሉን ያውቃሉ፣ ሁሉን ይችላሉ፣ ሲነጋገሩም መድረክ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ስለ አገር የሚደረገው ንግግር ታሪኩን መሐል መንገድ ላይ ያስቆመዋል ይላሉ። ያም ሆኖ ሲጀምሩት አላስቀመጡትም። ይህንን ሲያምኑ ትንሽ ይቆጣሉ፤ ቁጣቸው በመጽሐፉ ይሁን በራሳቸው አይታወቅም።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ‹‹ዴርቶጋዳ››ን እንደ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› መመዘን፣ የሩጫ ፈረስን በእርሻ ጉልበቱ እንደ መመዘን ነው። የመምህሩ ወቀሳ ዋጋ የሚያገኘው ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ ስንሻገር ነው። ምክንያቱም አንባቢ ለመጀመሪያ መጽሐፍ ብዙ ይቅር ይላል። ምሥጢሩ ምን ይሆን እያለ ሲሮጥ የሰዎቹን ስስነት አያይም። ተከታይ መጽሐፍ ላይ ግን ሩጫው ይበርዳል፤ አብሮት የሚጓዘውን ሰው ዞር ብሎ ማየት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሰውየው ሰው ካልሆነ ያስታውቃል።

‹‹ራማቶሐራ›› ላይ የሚሰነዘረው አስተያየት፣ ስድቡንና ውዳሴውን ካወጣነው፣ ከዚሁ የሚፈልቅ ነው። ያልወደዱት ዓለሙ ሰፋ እንጂ አልጠለቀም ይላሉ፤ የወደዱት ደግሞ ስፋቱን ራሱን ነው የወደዱት፤ ከሚያውቋቸው ሰዎች ጋር ተጨማሪ መንገድ መሄዳቸው ይበቃቸዋል። እኔ ወደ ፊተኞቹ አደላለሁ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ትልቁ ብልሃት ጣና ነበር። እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ጣናን ያውቃል፤ በመማሪያ መጽሐፍ፣ በፎቶ፣ በዘፈን። ደራሲው መጣና የምታውቀውን ሐይቅ አታውቀውም አለው። እንዲህ ያለ ድንጋጤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። በር አንዴ ከተከፈተ በኋላ እንደገና መክፈት አይቻልም፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማሳየት ይጠበቅበታል። ተከታዩ ሌላ በር፣ ከዚያ ሌላ በር የሚከፍት ከሆነ አንባቢው ኮሪደር ላይ ቆሞ ይቀራል።

ይህ የኛ ደራሲ ብቻ ፈተና አይደለም። ናይጄሪያዊት አሜሪካዊቷ ቶሚ አዴዬሚ በዮሩባ እምነት ላይ የተመሠረተ የመጀመሪያ ምናባዊ ልብ ወለዷን እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥታ ዓለምን ስታስደንቅ፣ በ2019 ያወጣችው ተከታይ አንባቢዎቿን ለሁለት ከፍሏቸዋል። ለእኛ የሚቀርበው ግን የቀደመው ናይጄሪያዊ፣ የአሞስ ቱቱኦላ ታሪክ ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቱቱኦላ ሌጎስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደን የታተመለት የመጀመሪያ መጽሐፉ፣ የዘንባባ ጠጅ የሚቀዳለት ሰው ሞቶበት እስከ ሙታን ከተማ ድረስ ፍለጋ ስለሚሄድ ጠጪ ይተርካል። መንገድ ላይ አንድ መልከ መልካም ጎልማሳ አለ፤ ገበያ ላይ አንዲት ልጃገረድ በመልኩ ተማርካ ትከተለዋለች። ሰውየው ወደ ጫካው ሲመለስ ግን የተከራየውን እግር ለባለቤቱ ይመልሳል፣ ክንዱን ይመልሳል፣ ደረቱን ይመልሳል፣ ኪራዩንም ይከፍላል፤ በመጨረሻ የራስ ቅል ብቻ ሆኖ እየተንከባለለ ይሄዳል። የእንግሊዝ ሃያሲዎች ተደነቁ፤ ገጣሚው ዲላን ቶማስ ሳይቀር በጋዜጣ አወደሰው። በአገሩ ግን የተማሩት ብዙዎቹ አፈሩበት። እንግሊዝኛው ተሰባበረ፣ ጫካና መንፈስ እያወራ አዋረደን አሉ። ቺኑዋ አቼቤ ለቱቱኦላ ጠበቃ ሆኖ በአደባባይ የቆመው ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ሁለተኛ መጽሐፉ የሚጀምረው ደግሞ በጦርነት ነው፤ ሰው ፈንጋዮች መንደሩን ሲወርሩ አንድ ሕፃን ሸሽቶ መናፍስት ወደሚኖሩበት ጫካ ይገባል፤ መውጫው ለብዙ ዓመት ይጠፋበታል።

ቱቱኦላ በሁለተኛው መጽሐፍ ላይ የመጀመሪያውን ሰውዬ ይዞ አልቀጠለም። ዓለሙን ይዞ ቀጠለ፤ ጨለማውን ግን ከሕፃን ፍርሃት ጀመረው። ጥልቀት ያልኩት ይህንን ነው።

ሽሽቱን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ እምነቶች፣ ያላለቁ ሕንፃዎች መጠለያ ሆነው ነበር። ይርጋጨፌ አጠገብ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚጠብቅ አንድ ሰው ከእነዚያ መካከል ነው። ሌሊት ሌሊት በእጅ ባትሪ ልብ ወለድ ያነባል። የጀብዱ መጻሕፍትን ይወዳል፤ አንድ ነገር ግን ያስመርረዋል። መንደር ሲቃጠል፣ ሕዝብ ሲያልቅ፣ ጀግናው በመኪና ሽው ብሎ ያልፋል፤ ደራሲውም ዞሮ አያይም። ያቺን የተቃጠለችውን መንደር ማን ሠራት፣ እነማን ተመለሱ፣ ቡናው በማን ተለቀመ የሚለውን እሱ ማወቅ ይፈልጋል። በሕይወቴ ከሰማኋቸው የመጽሐፍ ሂሶች ይህን የሚያህል አላገኘሁም። ጨለማ ያለበት ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚያስብ ሁሉ ይህን ሰው ከፊቱ አስቀምጦ ቢጽፍ እወዳለሁ።

የቡሌዋ ተማሪም ያልተጠበቀ ጥያቄ አላት። ምሥጢሩ ሁሉ ለምን ሰሜን ነው? ‹‹ዴርቶጋዳ›› ጣና ላይ ነው። በኋላ የመጡትና እሷም የወደደቻቸው የዓለማየሁ ዋሴ ‹‹እመጓ›› እና ተከታዮቹም ገዳማቱንና የብራና መጻሕፍቱን ይዘው ይጓዛሉ። ገዳማቱ ምሥጢር አላቸው፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን በቤቷ ጌዴኡፋ እየተናገረች፣ በትምህርት ቤት የተማረችውን አማርኛ ይዛ ልብ ወለዱ ውስጥ ስትገባ፣ ሁልጊዜ እንግዳ ሆና ነው የምትገባው። የሷ አያቶች ቀዬ የሚታወቀው በቡና ብቻ ነው፤ የታሪክ መቼት ሲሆን አላየችም።

መቼት ጠፍቶ ግን አይደለም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ በገደላማው ዳገት ላይ፣ ግዙፍ የአገር በቀል ዛፎች ከላይ፣ እንሰት ከሥራቸው፣ ቡና ከእንሰቱ ጋር፣ ሁሉም በአንድ መሬት ላይ ተደራርበው ይበቅላሉ። ከሩቅ ያየው ሰው የሰው እጅ ያልነካው ደን ይመስለዋል፤ ገባ ሲል ግን ቤት፣ ከብት፣ የተፋቀ እንሰት ያገኛል። በመካከሉ አባቶች ለማጌኖ፣ ለፈጣሪያቸው፣ የሚጸልዩባቸው፣ ቅጠላቸው የማይቆረጥ የተከበሩ ደኖች አሉ። ባሌ የሚባለው የዕድሜ እርከን ሥርዓት ሥልጣንን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሸጋግራል፤ ሶንጎ ላይ ተቀምጠው ይመክራሉ፣ ይፈርዳሉ።

ድንጋዮቹ ደግሞ አሉ። በጌዴኦ ምድር ያሉት ትክል ድንጋዮች ከ10 ሺህ እንደሚበልጡ ይገመታል፤ በአፍሪካ እንዲህ ተጠጋግተው የበዙበት ሌላ ቦታ አይታወቅም። ረጃጅሞቹ እስከ 6 ሜትር ይደርሳሉ። ሳካሮ ሶዶ በሚባለው ሥፍራ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የአሸናፊ ዜና ጥናት ዕድሜያቸውን ወደ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ መልሶታል፤ ቀድሞ ከሚታሰበው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። ቱቱ ፈላ ላይ ፈረንሳዊው ሮጀር ጁሶም ባደረገው ቁፋሮ ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክቶች መሆናቸው ታይቷል።

ቱቱ ፈላ ላይ ቆሞ ድንጋዮቹን በቅርብ ላየ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። አንዳንዶቹ መጀመሪያ ሲጠረቡ በወንድ አባለ ዘር አምሳል ነበር፤ ክብ፣ ለስላሳ፣ ጫፋቸው የተለየ። ከጊዜ በኋላ ሌላ ትውልድ መጥቶ በዚያው ድንጋይ ላይ ዓይን፣ አፍንጫ፣ የጎድን አጥንት የሚመስሉ መስመሮች፣ እጅ ቀርጾበታል። የፊተኛውን ቅርጽ አልፋቀም፤ አልሰበረም። የፊተኛው ጠራቢ ሥራ ከኋለኛው ሰው ፊት ሥር ዛሬም በግልጽ ይታያል። የድንጋዩን ገጽታ በእጅ ሳትነኩ በዓይን ብቻ ብትከተሉት፣ አንደኛው እጅ የት እንዳቆመና ሁለተኛው የት እንደጀመረ ትለያላችሁ። ለተከታይ መጽሐፍ ጸሐፊ የሚሆን ትምህርት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሁለተኛው እጅ ሌላ ድንጋይ ፍለጋ አልሄደም፤ ያለውን ድንጋይ ሰው አደረገው።

እዚህ ላይ ስጋቴንም ልናገር። ነገ አንድ ደራሲ ተነሥቶ ከሩቅ ሆኖ ስለ ጌዴኦ ምናባዊ ልብ ወለድ ቢጽፍ፣ ሽማግሌዎቹን ጠንቋይ፣ ደኑን የሰይጣን ማደሪያ አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። የማጌኖ ጸሎት የሕያዋን ሰዎች እምነት ነው፤ የተከበረው ደን የሚጠበቀው በሕያዋን አባቶች ነው። የጣና መነኮሳት በ‹‹ዴርቶጋዳ›› ያገኙትን ክብርና ጥበብ የጌዴኦ አባቶችም ሊያገኙ ይገባል። የምሥጢር ባለቤት አዋቂ ነው፤ ጭራቅ አይደለም። የቡሌዋ ተማሪ ይህን ስጋት ስትሰማ ብዙ አልተጨነቀችም። የምትጨነቀው በቋንቋው ነው፤ እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ብትጽፍ በአማርኛ ትጻፈው ወይስ በጌዴኡፋ። በአማርኛ ከጻፈችው ብዙ ሰው ያነበዋል፤ በጌዴኡፋ ከጻፈችው ሴት አያቷ ሲነበብላቸው ይሰማሉ። እኔ ሁለቱንም ብትሞክር እላለሁ፤ መጀመሪያ ግን አያቷ በሚሰሙት።

ጡረተኛው መምህር ይህ ሁሉ ሲነገር ቡናቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። ስለ ድንጋዮቹ ልብ ወለድ መጻፉን ይደግፋሉ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ጀግናው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይፍራ ይላሉ። ተማሪዋ ሳቀች፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነው።

ወደ መጽሐፍ ሻጩ ስንመለስ ዝናቡ ጀምሯል፤ መጻሕፍቱ በሸራው ተጠቅልለው ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ገብተዋል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ዝናቡን ተጠልሎ በ‹‹ዴርቶጋዳ›› ዋጋ ይደራደራል። ነገሩን ሲያስረዳ፣ እሱ መጀመሪያ በእጁ የገባው ‹‹ራማቶሐራ›› ነው፤ የፊተኛውን አላገኘውምና ሳያነበው ሁለተኛውን ጨረሰ። ሁሉም ሰው ደከም ያለ ነው የሚለው መጽሐፍ ለእሱ ግሩም ነበር። እነማን እንደሆኑ የማያውቃቸው ሰዎች ስለማያውቀው ነገር ሲጨነቁ ማንበቡ፣ ከዚህ በፊት ምን ሆነው ይሆን እያለ ራሱ ታሪክ እንዲሠራላቸው አድርጎታል። አሁን የሚፈራው የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ በልቡ ከሠራው ያንሳል ብሎ ነው። ሻጩ ዋጋውን አልቀነሰም። ሹፌሩ ከፈለና መጽሐፉን ከዝናቡ ለመከለል ጃኬቱ ውስጥ ከተተው፤ በኅዳጉ ላይ ስላለው የቀይና የሰማያዊ ክርክር የነገረው የለም።